አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ ስለ ጂኤምኦ ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ ጂኤምኦ ነው፤ በዘረመል ምህንድስና የተለወጠ ሰብል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይኸውላችሁ። ቅዳሜ ገበያ የምንገዛው ቲማቲም፣ በቆሎና ዘይት ሳናውቀው ጂኤምኦ ሆኗል። የበላው ሰው ካንሰር ይይዘዋል፣ በአይጥ ተረጋግጧል። አውሮፓ አግዶታል። ህንድ ውስጥ ገበሬውን ራሱን እስከማጥፋት አድርሶታል። ዘሩ ተመልሶ አይበቅልም። የአበባው ብናኝ ጤፋችንንና ኑጋችንን ይበክላል፣ የጣናንም ዓሣ ይጨርሳል። ነፍሳቸውን ይማርና የአካባቢ ጥበቃ ሳይንቲስቱ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርም አስጠንቅቀውን ነበር። መጨረሻው ላይ ጂኤምኦ ጨርሶ እንዲታገድ ፈርሙ የሚል ጥሪ አለ።

እኔ አልፈረምኩም። ሥራዬ ሰብል ጥበቃ ነው፤ ውሎዬም በአብዛኛው ከከተማ ወጣ ብሎ ከገበሬ ጋር ነው። «ስንት ቢከፍሉህ ነው?» ለሚሉኝ ከወዲሁ ልንገራቸው፤ ዘር የሚሸጥ ድርጅት ደመወዝ ከፍሎኝ አያውቅም። በጂኤምኦ ጉዳይ የሚያሰጋ ነገር የለም እያልኩም አይደለም። አለ። ጸሐፊው ግን የጮኹት ስጋቱ በሌለበት ቦታ ነው፤ ያለበትን ዘለውታል።

ከገበያው እንጀምር። ቅዳሜ ገበያ የሚታየው ድንቡሽቡሽ ያለ ቲማቲም፣ ከፎገራም ይምጣ ከቆጋ መስኖ፣ ጂኤምኦ አይደለም። ወይ በምርምር የተሻሻለ ዘር ነው፣ ወይ ከውጭ የገባ ድቅል ዘር። ድቅል የሚገኘው የተመረጡ እናትና አባት ተክሎችን በአበባቸው በማዳቀል ነው፤ ከሌላ ፍጡር የተወሰደ ጂን አይገባበትም። ቆዳው የጠነከረው፣ ሳምንት ቢቀመጥ የማይፈርሰው፣ አዳቃዮቹ ጭነት እንዲችል አድርገው ስለመረጡት ነው። ጣዕሙን አጥቷል ካሉኝ እስማማለሁ። እሱ ግን የጂን ጉዳይ ሳይሆን የነጋዴ ጉዳይ ነው።

በቆሎውም እንደዚሁ። ሜጫና ደቡብ አቸፈር የሚዘሩት ቢኤች 540፣ ቢኤች 661 እና ሊሙ በማዳቀል የተገኙ ምርጥ ዘሮች ናቸው። የሚረጋው የፓልም ዘይትም ያለ ስሙ ስም ወጥቶለታል፤ በዓለም ላይ ለገበያ የሚመረት ጂኤምኦ ፓልም የለም። ለልብ ጥሩ ነው ወይ ብትሉኝ ሌላ ጨዋታ ነው። ከአሜሪካ በእርዳታ ሲመጣ የኖረው የአኩሪ አተር ዘይት ግን ከጂኤምኦ አኩሪ አተር መጨመቁ አይቀርም፤ እዚያ አገር የሚዘራው አኩሪ አተር ከሞላ ጎደል ሁሉም ያው ነውና። ጸሐፊው ይህን ቢያነሡ ያስኬድ ነበር። አላነሡትም።

በኛ አገር መጀመሪያ ለእርሻ የተፈቀደው ጂኤምኦ ጥጥ ነው። በ2010 ዓ.ም. ከህንድ የመጡ ሁለት የጥጥ ዝርያዎች ተፈቀዱ። በቆሎ በተከለለ የሙከራ ማሳ ሲፈተን ቆይቷል፤ እንሰትም አጠውላጊውን በሽታ እንዲቋቋም ተብሎ ምርምር ላይ ገብቷል። ክርክራችን መሆን ያለበት በእነዚህ ላይ ነው። በተለይ በበቆሎው። ጎጃም ውስጥ በቆሎ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለባሕር ዳር ሰው አላስረዳም።

ወደ አይጦቹ። የነዚያ እብጠታም አይጦች ፎቶ ዓለምን ስለዞረ ያላየው ያለ አይመስለኝም። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ፈረንሳያዊው ዢል ኤሪክ ሴራሊኒና ባልደረቦቹ ያወጡት ነው። 200 አይጦች ለሁለት ዓመት ተጠኑ። ተከፋፍለው ሲመደቡ ግን ለአንዱ ቡድን የደረሱት 10 ብቻ ናቸው። የተመረጠው የአይጥ ዘር ስፕራግ ዳውሊ ይባላል፤ ሁለት ዓመት ከቆየ፣ የፈለገውን ቢበላ፣ ብዙው እብጠት ያወጣል። ጂኤምኦ ካልቀመሱት አይጦች መካከልም እብጠት ያወጡ ነበሩ። ፎቶው ላይ ግን እነሱ የሉም! ያሳተመው መጽሔት በቀጣዩ ዓመት ጥናቱን ሰረዘው፤ በ2014 ሌላ መጽሔት እንደገና አትሞታል፣ አዲስ ሙከራ ግን አልተጨመረበትም። ኬንያ በዚያው ሰሞን ጂኤምኦ ምግብ እንዳይገባ አገደች፤ እገዳው እስኪነሣ አሥር ዓመት ፈጀ፣ ከዚያም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገባ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ከ900 በላይ ጥናቶችን መርምሮ፣ በገበያ ላይ ያሉት ጂኤምኦ ሰብሎች ከሌላው ምግብ የበለጠ ጤና እንደሚጎዱ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ጂኤምኦ አብዝተው በሚበሉት በአሜሪካና በካናዳ ያለውን የካንሰር መጠን ብዙም ከማይበሉት ከእንግሊዝና ከምዕራብ አውሮፓ ጋር አስተያይቷል። ያን ያህል ዓመት ከተበላ በኋላ በዚህ የተነሣ የመጣ ልዩነት አላየም።

ስለዚህ ማንኛውም ጂን ማንኛውም ሰብል ውስጥ ቢገባ ሰላም ነው? አይደለም። ከብራዚል ለውዝ ጂን የገባበት አኩሪ አተር ተሠርቶ ነበር። ሲፈተሽ ለውዙ አለርጂ የሚሆንባቸውን ሰዎች ያንኑ አለርጂ ሊያስነሣባቸው እንደሚችል ታወቀ፣ ገበያ ሳይወጣ ቀረ። ፍተሻ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ሰብል ለየብቻው ይመዘናል፤ በጅምላ መርዝ ማለትም፣ በጅምላ ምንም አይል ማለትም ያው ነው።

የበቆሎው ነገር እንግዲህ እንዲህ ነው። አፈር ውስጥ የሚኖር ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ባጭሩ ቢቲ ይሉታል። የሚያመርተው ፕሮቲን የአባጨጓሬ አንጀት ላይ ይጣበቅና ይበሳዋል። ሰው አንጀት ላይ ፕሮቲኑ የሚጣበቅበት ቦታ የለም፣ የጨጓራችን አሲድም ይፈጨዋል። ኬሚካል አንነካም የሚሉ የፈረንጅ ገበሬዎች ይህንኑ ባክቴሪያ እየረጩ ኖረዋል። ጂኤምኦ በቆሎ ውስጥ የገባው ፕሮቲኑን የሚያሠራው ጂን ነው። በነገራችን ላይ አብዛኛው የስኳር ሕመምተኛ የሚወጋው ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. ከ1982 ወዲህ በዚሁ ጥበብ የተመረተ ነው። ልጆቻችን ጤና ጣቢያ የሚወጉት የጉበት ቢ ክትባትም እንደዚያው።

አውሮፓ አግዶታል ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። ስፔንና ፖርቱጋል ቢቲ በቆሎ ይዘራሉ። ሌሎቹ ብዙዎቹ አይዘሩም፤ ለከብቶቻቸውና ለዶሮዎቻቸው ግን በየዓመቱ በሚሊዮን ቶን ጂኤምኦ አኩሪ አተር ያስገባሉ።

የህንዱ ግን መልስ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ነገሩ የሰው ሕይወት ነው። ቢቲ ጥጥ ህንድ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የገበሬዎቹ ሞት ግን ከዚያ በፊትም ነበረ። በጉዳዩ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ጥጡ ከገባ በኋላ በአገር ደረጃ አሻቀበ የሚባል ነገር አላገኙም። ዕዳ፣ የዝናብ መጥፋት፣ የአራጣ አበዳሪ አለ። ይህን ሁሉ ለአንድ ጂን ሰጥቶ መገላገል ሟቾቹንም መበደል ነው። ከህንድ የምንማረው ሌላ ትልቅ ነገር አለ፣ እመለስበታለሁ።

ዶክተር ተወልደብርሃንን መጥቀሳቸው ጥሩ ነው። የለፉበትን ነገር ግን አሳንሰውታል። እሳቸው የአፍሪካን ቡድን እየመሩ የተደራደሩበት፣ የካርታሄና ፕሮቶኮል የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ሞንትሪያል ላይ ጸደቀ። ፕሮቶኮሉ ፈጽሞ አይግባ አይልም። አንድ አገር አስቀድሞ ሳይነገረውና ሳይፈቅድ የተለወጠ ዘር አይላክበት፤ ሳይንሱ ባልጠራበት ጉዳይም እምቢ የማለት መብት ይኑረው ነው የሚለው። የኛ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጣም ከመጥበቁ የተነሣ ተመራማሪውንም አላፈናፍን ብሎ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ላላ ተደረገ። ከልክ በላይ ላልቷል ብሎ መከራከር ይቻላል። ጸሐፊው ግን ሁለቱንም አዋጆች በስም እንኳ አልጠሩም።

አሁን ወደ ዘሩ። ተመልሶ የማይበቅል ዘር የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ዘሩን መካን የሚያደርግ ዘዴ የባለቤትነት መብት ወጣለት። ዓለም ጮኸ። ዘዴው ለገበያ ሳይቀርብ ቀረ፤ ዛሬም እንዲህ ያለ ዘር የሚሸጥ የለም።

ነገር ግን እዚህ ላይ የጸሐፊው ፍርሃት ባዶ አይደለም። ልክ ያልሆነው አድራሻው ነው። ሜጫ ወርዳችሁ ገበሬውን ጠይቁት። ምርጥ ዘሩን በየዓመቱ ይገዛል። ከራሱ ማሳ ያስቀረውን ቢዘራው ይበቅላል፣ ግን አንዱ አገዳ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ራሱም የተበላለጠ ይሆንበታል። ድቅል ዘር ጠባዩ ነው። እናም ግንቦት በገባ ቁጥር የገበሬው ዓይን የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ላይ ነው። የበቆሎ ዘር በ12 ኪሎ ተኩል ከረጢት ይመጣል፤ ለግማሽ ሄክታር ነው። አንዳንዴ ዝናቡ ቀድሞ ከረጢቱ ይዘገያል። አንዳንዴ የፈለገው ዝርያ ሳይሆን ያልፈለገው ይመጣል። ስሙ ያልተዘረዘረ ሰው ከነጋዴ በውድ ይገዛል፤ ከረጢቱ ይመሳሰላል፣ ውስጡ ግን የእህል በረንዳ በቆሎ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ጂኤምኦ ሳይገባ ያለ ነው። ገበሬው ዘሩን ከእጁ ካወጣ ቆይቷል።

የባለቤትነቱ ጉዳይም እንደዚሁ። ጤፍን አስታውሱ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ አውሮፓ ውስጥ የፈጠራ መብት ይዞ ዓመታት ቆየ፤ ሄግ ላይ ፍርድ ቤት መብቱን ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እዚያ ውስጥ አንዲት የተለወጠ ጂን አልነበረችም። ዘር የሚነጠቀው በወረቀት ነው።

ለአፍሪካ የተዘጋጀው ቴላ የተባለው ቢቲ በቆሎ ጂኑ ለአነስተኛ ገበሬዎች ያለ ሮያሊቲ (የባለቤትነት) ክፍያ የተሰጠ ነው ይላሉ ባለቤቶቹ። ጥሩ። ዘሩን ግን የሚያባዛው ድርጅት ነው፣ የሚሸጠውም በዋጋ ነው። ጂኑ በነጻ ሆኖ ከረጢቱ ቢወደድ ለገበሬው ምን ለወጠለት? ጸሐፊው ይህን ቢጠይቁ ከጎናቸው እቆም ነበር።

ብናኙን በተመለከተ የጸሐፊው ጽሑፍ ሁሉንም አንድ ላይ ጨፍልቆታል። የበቆሎ ብናኝ ጤፍ ላይ ቢዘንብ ምንም አይፈጥርም፤ ዘራቸው አይገናኝም። ጤፍ ደግሞ ከሞላ ጎደል ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው። ኑግ ሌላ ነው። ኑግ ራሱን አያዳቅልም፤ ንብ ካልዞረበት አያፈራም። አንድ ቀን ማንም ተነሥቶ የኑግን ጂን ልለውጥ ቢል፣ የኑግ መገኛ አገር ሆነን ሳለ፣ እምቢ ለማለት የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ንብን ከዚህ ማሳ ወዲያ አትለፊ የሚላት የለም። በቆሎ ለበቆሎም ይሻገራል። ዘር አባዢዎች ከሌላ በቆሎ 200 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚርቁት ለዚህ ነው። ማሳው ከማሳ በድንበር ብቻ በሚለይበት አገር ይህን ርቀት ከየት ታመጡታላችሁ? ለእሸት ተብሎ ጓሮ የሚዘራው የአገሬው በቆሎ ከጎረቤት ብናኝ መቀበሉ አይቀርም። መርዝ አይሆንም። የአገሬውን ዘር እንደነበረ ማቆየት ለሚፈልግ ሰው ግን ችግር ነው፣ መፍትሔውም መዘጋጀት ያለበት ዘሩ ከመሠራጨቱ በፊት ነው።

ዓሣው ላይ ስደርስ ግን ተናደድኩ። የጣና ዓሣ ችግር ውስጥ ነው፣ እውነት ነው። በዓለም ላይ ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉን። ክረምት ላይ ለመራባት ጉማራንና ርብን ሽቅብ ሲወጡ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። ከላይ ደለል ይወርድባቸዋል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ መጣ። እዚህ ሁሉ ውስጥ ጂኤምኦ የት አለ?

ጸሐፊው የምር መርዝ ማየት ከፈለጉ በበጋ ሐሙሲትን አልፈው ጉማራ ዳር ይውረዱ። ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ያየሁትን ልንገራቸው። አንድ ወጣት የጀርባ መርጫ ተሸክሟል። ጓንት የለውም። ሻሽ አፍንጫው ላይ ጠምጥሟል፣ እግሩ ባዶ ነው። ሁለት ዓይነት መድኃኒት በአንድ ጣሳ በጥብጦ፣ በእንጨት አማስሎ ሞላ። መጠኑን በምን እንደለካው ስጠይቀው በክዳኑ ነው አለኝ። የየትኛው ጠርሙስ ክዳን እንደሆነ ግን እሱም እርግጠኛ አልነበረም። ሲጨርስ መርጫውን ወስዶ ወንዙ ውስጥ አጠበው። ጠርሙሶቹ እዚያው ዳር ላይ ቀሩ። ጉማራ የሚገባው ጣና ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ያለው ሽንኩርትም የሚመጣው ከእንዲህ ያለ ማሳ ነው፤ ጫቱማ አይወራ። ለዚህ ፊርማ ያሰባሰበ ሰው አላየሁም።

ስለ አረም ማጥፊያውም አንድ ነገር ልበል። ጸሐፊው ጂኤምኦ ከመጣ ግላይፎሴት ይጎርፋል ይላሉ። ኧረ ገብቷል! ብዙ ገበሬ ከማረሱ በፊት ራውንድአፕ በሚል ስም የሚሸጠውን ግላይፎሴት ይረጫል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ክፍል እ.ኤ.አ. በ2015 ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚላቸው ጎን መደበው፤ የአሜሪካና የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ አልተስማሙም። ቢቲ በቆሎ የተሠራው ለተባይ እንጂ ለአረም መድኃኒት አይደለም። አረም ማጥፊያ የሚችል ሰብል ይግባ ከተባለ ግን እኔም እቃወማለሁ። በየጊዜው አንድ ዓይነት መድኃኒት የተረጨባቸው የአሜሪካ ማሳዎች ዛሬ መድኃኒቱ የማይገድለው አረም አብቅለዋል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ጸሐፊው ጭራሽ ወዳላነሡት። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች አገራችን ሲገባ ሰው፣ ተማሪ ሳይቀር፣ በእጁ ሲለቅም ነበር። የበቆሎውን የመሃል ቅጠል ገለጥ ስታደርጉት እንደ እርጥብ ሰጋቱራ ያለ ኩስ ታያላችሁ። ያን ጠረግ ስታደርጉ ትሉ ይገኛል፤ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ዋይ ፊደል፣ ጭራው አካባቢ አራት ነጥብ። እዚያ ጥልቅ ውስጥ መድኃኒት አይደርሰውም። ከሱ በፊት የኖረው አገዳ ቆርቁርም አገዳው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ተክሉ ራሱ ትሉን ቢመክት ገበሬው ከመርጫው ይገላገላል። የቢቲ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ባንግላዴሽ ቢቲ ደበርጃን የዘሩ ገበሬዎች ርጭት ቀንሰዋል።

ችግሩ፣ ትሉም ይማራል። ደቡብ አፍሪካ ቢቲ በቆሎ ከዘራች አሥር ዓመት ሳይሞላ አገዳ ቆርቁሩ ተላመደው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ሆነ። ያ ቆርቁር ቡሴኦላ ፉስካ ይባላል። ሜጫ በቆሎ ውስጥ ያለውም ይኸው ነው! የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ሆኖ ይህን ሰምቶ እንቅልፍ የሚወስደው ካለ ይገርመኛል። ህንድም ውስጥ ሮዝማው የጥጥ ትል መጀመሪያ አንዱን ጂን፣ ቀጥሎ ሁለት ጂን የያዘውን ጥጥ ተላመደ። ገበሬው እንደገና ወደ ርጭቱ ተመለሰ፣ የዘሩን ዋጋ ደግሞ ከፍሏል። ቡርኪና ፋሶ ሌላ ጣጣ ገጠማት። ቢቲ ጥጡ ርጭት ቀነሰላት፣ የጥጡ ክር ግን አጠረ፤ ገዢ ዋጋ ሲያወርድባት እ.ኤ.አ. በ2016 ተወችው።

መላመዱን ለማዘግየት ከቢቲው ጎን ቢቲ ያልሆነ በቆሎ ይዘራል፤ ያልተላመዱ ትሎች እዚያ ተርፈው ከተላመዱት ጋር እንዲዳቀሉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለዚህ እስከ 20 በመቶ የሚሆን መሬት ይተው ተብሎ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ትልልቆቹ ገበሬዎች እንኳ አልተዉም። ግማሽ ሄክታር ያለውን ሰው አምስተኛውን ለትል ተውለት ብላችሁ እስቲ ንገሩት። ስቆ ቡና ያፈላላችኋል። ማሽላውና ሣሩ ለትሉ መሸሸጊያ ይሆናል የሚሉ ደጋፊዎች አሉ። ከመራዊ ወደ ዱርቤቴ ክረምት ላይ የሄደ ሰው ያውቃል፤ ግራና ቀኙ በቆሎ ነው።

ደጋፊዎቹም የሚያድበሰብሱት ነገር አለ። በቴላ ውስጥ ያለው ሞን 810 የተባለው የቢቲ ጂን አገዳ ቆርቁርን በደንብ ይከላከላል፤ መጤ ተምቹን ግን የሚከላከለው በከፊል ነው። ገበሬው «ከእንግዲህ አትረጭም» ተብሎ ገዝቶ፣ ሐምሌ ላይ ቅጠሉን ሲገልጥ ያንን ባለ አራት ነጥብ ቢያገኝ የሚይዘው እኛን ነው፤ ሻጩን አያገኘውም።

ስለዚህ ጸሐፊው ሌላ ጥሪ ይጻፉ። በቆሎው በሰፊው ከመዘራቱ በፊት ጎጃም ውስጥ ትሉን በየዓመቱ እየሰበሰበ ተላመደ አልተላመደ የሚፈትን ማን እንደሆነ ይገለጽ፤ አዴት ምርምር ማዕከል ከሆነ በጀቱ ይታይ። ቢቲ ያልሆነው ዘር በዚያው ከረጢት ውስጥ አብሮ ይምጣ፣ ገበሬው ከመሬቱ ቆርሶ እንዲተው አይጠበቅ። ከረጢቱ ላይ ምንነቱ በአማርኛ ይጻፍ። የከረጢቱ ዋጋ ከተራው ድቅል በምን ያህል እንደሚበልጥ ከወዲሁ ይነገር። ያልፈለገ ገበሬ ሌላ ዘር መጋዘኑ ውስጥ ያግኝ። የአገሬው በቆሎም ከመደበላለቁ በፊት ተሰብስቦ ጂን ባንክ ይግባ።

ይህን ጽፈው ካመጡ እፈርማለሁ፣ ከመራዊም ፈራሚ አመጣለሁ። የአይጦቹን ፎቶ ግን ያውጡት።